የልደታው መጋዘን ሳይፈርስ የቀረበት ምክንያት

አቶ አረጋዊ ገብረአምላክ ከልደታ ቤተ ክርስቲያን ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ዘወትር የሚሄዱት በላይኛው መንገድ ነበር። የታችኛው ያሳጥራል፤ ግን በአሮጌው የባቡር መጋዘን ሥር ያልፋል። በዚያ መሄድ ከተዉ ዓመታት አልፈዋል። በሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት በሰኔ ወር አንድ ቀን ግን የላይኛውን መንገድ ለውሃ ቧንቧ ቆፍረውት ስለ ነበር፣ ዱላቸውን ጨብጠው ሳይወዱ በታችኛው ወረዱ። ፀሐይ አዘቅዝቃለች፤ ከሰንጋ ተራ በኩል ጥቁር ደመና ተነሥቷል።

መጋዘኑ ከሩቅ ሲታይ ጀርባውን ለሰው የሰጠ ትልቅ እንስሳ ይመስላል። ግድግዳው ጥቁር ድንጋይ ነው፤ መስኮት የለውም። ከግድግዳው እግር ሥር ግን ልጅ እጁን የሚያስገባባቸው ቀዳዳዎች እንደ ተከፈቱ አፎች ተደርድረዋል። በፊት ለፊቱ ይመጣ የነበረውን ሐዲድ ሣር ውጦታል። በዚያ ሰፈር ፀሐይ ስትጠልቅ ከዚህ ቤት ውስጥ ድምፅ እንደሚሰማ ሕፃን ሽማግሌው ያውቃል። አንዱ የባቡር መንኮራኩር ነው ይላል፤ ሌላው የሚያቃስት ሰው ነው ይላል፤ አብዛኛው ግን ምንም ሳይል ልጆቹን ጠርቶ በሩን ይዘጋል።

አቶ አረጋዊ ዓይናቸውን ከመሬት ሳያነሡ ሊያልፉ ሲሉ አንዲት ወጣት ሴት አዩ። ጆሮዋን ከግድግዳው ለጥፋ፣ ዓይኖቿን ጨፍና፣ ትንፋሿን ውጣ ቆማለች።

«በስመ አብ!» ብለው አማተቡ። «ልጄ፣ ምን ሆነሻል? ከግድግዳ ጋር ምን ታወሪያለሽ?»

ልጅቷ ደንገጥ ብላ ቀና አለችና እጅ ነሳች። «እንደምን ዋሉ አባባ? እኔ እንኳ አላወራሁም። የሚያወራው እሱ ነው፤ እኔ እያዳመጥኩት ነው።»

ሽማግሌው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ።

«አይደንግጡብኝ» አለች ፈገግ ብላ። «ስህን እባላለሁ። ያደግሁት ድሬዳዋ ነው፤ አሁን እዚሁ ልደታ ሕንፃ ኮሌጅ አስተምራለሁ። ቀበሌው ይህን መጋዘን አፍርሶ በድንጋዩና በብረቱ የስብሰባ አዳራሽ ሊሠራ አስቧል። ብረቱ ለሥራ ይሆን እንደሆነ እይልን ተብዬ ነው የመጣሁት። ካየሁት በኋላ ግን መፍረሱ ያንገበግበኝ ጀመር።»

«ያንገበግብሽ ጀመር? እኔን ደግሞ የሚያንገበግበኝ እስከ ዛሬ መቆሙ ነው። እሑድ የቀበሌው ሰው ሲሰበሰብ ከሽማግሌዎች መጀመሪያ የምናገረው እኔ ነኝ። ይፍረስ እላለሁ፤ ድንጋይ በድንጋይ ላይ አይቅር እላለሁ።»

አቶ አረጋዊ በጉልምስናቸው ነገረ ፈጅ ነበሩ። ችሎት ፊት ቆመው ነጠላቸውን አጣፍተው ሲናገሩ ዳኛ ሳይቀር ይመሰጥ ነበር ይባላል። ሙግት ደግሞ እንደ ማር ነው፤ የቀመሰ ሰው በሽምግልናውም ቢሆን ጣዕሙን አይረሳም። ስለዚህ ጥለዋት ሊሄዱ ሲገባቸው ዱላቸውን ተክለው ቆሙ።

«በይ እንግዲህ፣ እኔም ነገረ ፈጅ ነበርኩና ጥብቅናሽን አሰሚኝ። ይህ ቤት ስለ ምን ይቆማል?»

«ስላረጀ ነው አባባ። ባቡር አዲስ አበባ በገባበት ዘመን አካባቢ የተሠራ ነው። እንደዚህ ያለ ቤት በከተማችን ስንት ቀረ?»

«ያረጀ ሁሉ የሚከበር ከሆነ እኔንም ከልለው ያስጎብኙኛ! እርጅና ምስጋና አይደለም ልጄ። ያረጀ ጥርስ ይነቀላል፤ ያረጀ ጨርቅ ይጣላል። ደግሞስ የማን ቤት ነው? ፈረንጅ በወረቀት ነድፎ፣ ቡናችንንና ቆዳችንን ጭኖ ሊወስድበት የሠራው ነው። አጎቴ ሲራራ ነጋዴ ነበር። ባቡሩ ሲመጣ በቅሎዎቹን ሸጦ በባዶ እጁ ቀረ። ለእኔ ይህ ቤት ምን ውለታ አለው?»

«የነደፈው ፈረንጅ ነው፤ ልክ ነዎት። ድንጋዩን የጠረበው ግን የማን እጅ ነው? ይህን ጥግ ይዩልኝ።» የግድግዳውን ማዕዘን ዳሰሰች። «ድንጋዩ ያለ ሲሚንቶ እንዴት እንደተናከሰ ያያሉ? ይህ የአገራችን ግንበኛ ሥራ ነው። የአጎትዎን ኀዘን አልክድም። ነገር ግን ይህች ከተማ ራሷ በዚህ በር ነው የገባችው። የቤትዎ ቆርቆሮ፣ ቆርቆሮውን የመታው ምስማር፣ የመስኮትዎ መስተዋት፣ እርስዎ የተሟገቱበት የችሎት ወረቀት ሳይቀር እንደዚህ ባለ ቤት አርፎ፣ በሰው ትከሻ ወጥቶ ነው የተበተነው። ደጉም ክፉውም በዚህ አልፏል። ክፉውን ስላሳለፈ ጉሮሮውን እንቁረጠው ይባላል?»

መልሷ ደስ አላቸው፤ ደስታቸውን ግን ደበቁት። «ቃል ታውቂያለሽ። የማታውቂው ነገር ግን አለ። ይህ ቤት መንፈስ ያደረበት ነው። ሰዓቱ ሲደርስ ያቃስታል።»

«እኔም እኮ ጆሮዬን የለጠፍኩት እሱኑ ልሰማ ነው። እንግባና አብረን እንስማው።»

«እኔ? እዚያ ውስጥ?»

በዚህ መካከል ደመናው ቀድሞ ፈረደ። ዝናቡ እንደ ጠጠር ወረደና መጠለያ አሳጣቸው። ስህን ትልቁን ተንሸራታች በር በትከሻዋ ገፋችው፤ በሩ ረጅም ጩኸት አሰምቶ ተከፈተ። ሽማግሌው ከጣራው ጠርዝ ሥር ጥቂት ካቅማሙ በኋላ፣ ዝናቡ ጋቢያቸውን ሲያበሰብሰው አባታችን ሆይ እያነበነቡ ገቡ።

እዚህ ላይ አንባቢው ሊያውቅ የሚገባው ነገር አለ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአገሩ አንድ ክፉ ጊዜ መጥቶ ነበር። በዚያ ጊዜ በዚህ ቤት የተከማቸው ዕቃ አልነበረም፤ ሰው ነበር። የአቶ አረጋዊ አንድያ ልጅ ጻድቃን፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ሳለ እዚህ ገባ። እናቱ ወይዘሮ ፀሐይቱ በየቀኑ ምሳ ዕቃ ይዛ እበሩ ድረስ ትመጣ ነበር። አንድ ቀን ዘበኛው ምሳ ዕቃውን ሳይከፍት መለሰላትና «ከእንግዲህ አታምጪ» አላት። ከዚያ ወዲህ በአቶ አረጋዊ ቤት ስለ ልጁ ተወርቶ አያውቅም። በዚያ ዘመን ለተገደለ ልጅ ማልቀስም ክልክል ነበር። ስህን ይህን አታውቅም፤ የነገራትም አልነበረም።

ውስጡ ከውጭው ይልቅ ሰፊ መሰለ። ወለሉ ከመሬት ከፍ ያለ፣ በወፍራም ሳንቃ የተነጠፈ ነው። የብረት ምሰሶዎቹ እንደ ራቁት ዛፎች ቆመው ጫፋቸው በጨለማው ጣራ ይጠፋል። የሚሸተው ነገር የዛገ ብረትና የቆየ እህል ነው፤ ከሥሩ ግን ሌላ፣ ሽማግሌው ስም ሊሰጡት ያልደፈሩት ሽታ አለ።

ዝናቡ ብዙም ሳይቆይ አባራ። አየሩ በረደ። ያን ጊዜ ከወዲያኛው የጣራ ጫፍ «ጓ!» የሚል ድምፅ ተነሣ፤ ቀጠለና ከዳር እስከ ዳር እየተቀባበለ በራሳቸው ላይ አለፈ፤ ልክ ፉርጎ ከፉርጎ ጋር ሲጋጭ እንደሚሰማው። አቶ አረጋዊ ዱላቸውን ጣሉ።

«ቆርቆሮው ነው አባባ» አለች ስህን ዱላውን አንሥታ እየሰጠቻቸው። «ቀን ፀሐይ ሲያገኘው ይለጠጣል፤ ሲበርድ ይኮማተራል። እያንዳንዱ ቆርቆሮ ተራውን ጠብቆ ነው የሚጮኸው።»

ወዲያው ከእግራቸው ሥር ረጅምና ወፍራም ማቃሰት መጣ። ሳንቃው በጫማቸው ውስጥ ተንቀጠቀጠ።

«ይህስ?» አሉ ሽማግሌው።

«ይህ ነፋስ ነው። ወለሉ ከፉርጎው አፍ ጋር እንዲስተካከል ብለው ከፍ ሲያደርጉት ሥሩን ባዶ ተዉት። በውጭ ያዩዋቸው ቀዳዳዎች ለዚያ ናቸው። ከዳገቱ የሚወርደው ነፋስ በዚህ ገብቶ በዚያ ይወጣል፤ በላይ ያለው ስንዴና ጨው እንዳይረጥብ ከሥር ያደርቀዋል። ይህን ያህል ዘመን ሳንቃው ያልበሰበሰው ለዚህ ነው። አየህ... አዩ... ይቅርታ አባባ፣ ስደሰት አንደበቴ ይጠፋብኛል። ይህ ቤት የሚያቃስት ሳይሆን የሚተነፍስ ቤት ነው።»

ሽማግሌው ቀስ ብለው ትንፋሻቸውን ለቀቁ። እነዚያ ሁሉ ምሽቶች በራቸውን የዘጉበት ድምፅ ነፋስና ቆርቆሮ ኖሯል! ሊስቁ ዳዳቸው። በዚያ ቅጽበት ግን በስተግራ ካለው ጥግ፣ ከመጨረሻው ምሰሶ ጀርባ፣ ሰው ሳለ።

ደረቅና አጭር ሳል ነው፤ ሰው እንዳይሰማው በእጁ ያፈነው የወጣት ሳል።

ስህን «ማነው?» ብላ ጮኸች። መልስ የለም። ጀግና ልጅ ናትና እስከ ጥጉ ሄዳ ምሰሶውን ዞረች፤ ግድግዳውን ዳሰሰች፤ ተንበርክካ በሳንቃው ስንጥቅ ወደ ታች አየች። ስትመለስ ፊቷ አመድ መስሎ ነበር።

«ሰው የለም» አለች። ደግሞም «ይህንን አላውቀውም አባባ። ያላወቅሁትን አውቃለሁ ብዬ አልዋሽዎትም» አለች።

አቶ አረጋዊ ግን ሳሉን አወቁት። ልጃቸው ከሕፃንነቱ ጀምሮ በብርድ ጊዜ እንዲህ ይስል ነበር።

ወጥተው በእርጥቡ መንገድ ጎን ለጎን ሲሄዱ ስህን ስለ ጥንት ሙያቸው ጠየቀቻቸው። «ነገረ ፈጅ ነበርኩ ብለውኛል። ያኔ ይበልጥ የሚያስቸግረው የምን ክርክር ነበር?»

«የድንበር» አሉ ወዲያው። ስለ ሥራቸው ሲጠየቁ ሰውነታቸው ይነቃል። «ምስክር ይሞታል፤ ይረሳል፤ ይፈራል፤ ይገዛል። የድንበር ድንጋይ ግን አይሞትም፣ አይፈራም። ስለዚህ ብልህ ዳኛ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ድንጋዩን ማን ነቀለው? ወይም ሊነቅለው የቸኮለ ማን ነው? በሙግት ዘመኔ ሁሉ፣ ድንጋዩ ይነሣልኝ የሚል ሰው እውነት ኖሮት...»

ቃሉ ከአፋቸው ላይ ቆመ። እግራቸውም ቆመ።

«አባባ፣ አመመዎት?»

«የለም» አሉ። «የለም ልጄ። የራሴን ጥብቅና እየሰማሁ ነው። እሑድ ነይ፤ አትቅሪ።»

ሰው በሌላ ሰው ምክር ከመረታት ይልቅ በገዛ ቃሉ ሲረታ ነገሩ ሥር ይይዛል። አቶ አረጋዊ ቤታቸው ሲደርሱ ወይዘሮ ፀሐይቱ በረንዳው ላይ ምስር ትለቅም ነበር። ጋቢያቸውን አየችና የሄዱበትን መንገድ ሳትጠይቅ አወቀች።

«በታች በኩል መጣህ?»

«መንገዱን ቆፍረውት ነው።»

«ገባህ?»

«ገባሁ።»

እጇ ከሠፌዱ ላይ ቆመ። ቀና ብላ ሳታያቸው «ሳለ?» አለች።

ሽማግሌው ወንበሩን ያዙ። «ፀሐይቱ! አንቺ በምን አወቅሽ?»

«ከዘበኛው ቃል በኋላ አልሄደችም ብለህ ነበር? ገበያ ወጣሁ ባልኩ ቁጥር እዚያው ነኝ። ከቀዳዳዎቹ አጠገብ እቆማለሁ። አንዳንድ ቀን ይስላል፤ አንዳንድ ቀን ዝም ይላል። እኔ ብቻም አይደለሁ። እንደኔው ልጇ እዚያ የቀረባት የወርቄ እናት ትመጣለች፤ ሌሎችም ይመጣሉ። አንነጋገርም። ተራችንን ቆመን እንሄዳለን።»

«እኔ ደግሞ እንዲፈርስ ስለፋ የነበርኩት አንቺ እንድታርፊ ብዬ ነበር።»

«እኔ መች አሳርፈኝ አልኩህ?» አለች፤ ዓይኖቿ ሞሉ። «ቤቱ ቢፈርስ ድምፁ የሚጠፋ ይመስልሃል? ድምፁማ አይጠፋም። የሚጠፋው የምቆምበት ቦታ ነው። መቃብሩን አልሰጡኝም፤ ግድግዳውንም አንተ ልትነሳኝ ነው?»

የዚያን ምሽት ባልና ሚስቱ ከስንት ዘመን በኋላ የልጃቸውን ስም ጠርተው አለቀሱ፤ ድምፃቸው ከጎረቤት እንዳይደርስ ግን ራዲዮውን ከፍ አድርገው ነበር።

እሑድ የቀበሌው ሰው ተሰበሰበ። ሊቀመንበሩ ጓድ ኩማ ከሌላ ሰፈር በቅርብ የተሾመ፣ ክፉ የማይባል ሰው ነው። ስለ አዳራሹ አስፈላጊነት ከተናገረ በኋላ «እውነቱን እንነጋገር። ይህን ቤት የሚወደው የለም። ቢፈርስ ሁላችንም እናርፋለን» አለ።

ሴቶቹ ሁሉ መሬት መሬት አዩ።

አቶ አረጋዊ ተነሥተው ነጠላቸውን እንደ ጥንቱ አጣፉ። «ጓድ ሊቀመንበር፣ ድንጋይ በማፍረስ ዕረፍት ያገኘ ሰው በዕድሜዬ አላየሁም። እኔ እስከ ትናንት ወዲያ ይፍረስ ባይ ነበርኩ። ዛሬ ይቁም እላለሁ። ምክንያቱን ይህች ልጅ ታስረዳ፤ እኔም አጸናዋለሁ።»

ስህንም ተነሥታ በትሕትና አስረዳች። ብረቱ በጋለ ምስማር የተጋጠመ ስለሆነ ሲነቀል ተጣሞ ውዳቂ ብረት ከመሆን አያልፍም። ድንጋዩም ሲፈርስ ግማሹ ይሰበራል፤ አዲስ አዳራሽ ለመሥራት ሌላ ድንጋይ መግዛት ግድ ነው። ይልቁንስ የቀበሌው ኅብረት ሱቅ እህል በየክረምቱ እየሻገተ የሚጣለው ማከማቻው እርጥብ ስለሆነ አይደለም? ከሥሩ ነፋስ የሚያልፍበት፣ አይጥ የማይወጣበት ወለል እዚህ አለ። ጣራው ቢጠገን፣ በስተቀኝ እህል ይቀመጥበታል፤ በስተግራ ማታ ማታ የመሠረተ ትምህርት ይሰጥበታል። ተማሪዎቿም ጥገናውን እየተማሩ በነፃ ይሠራሉ።

«ድምፁስ?» አለ አንድ ሰው ከኋላ።

«የጣራውና የነፋሱ ድምፅ ምንጩ ይታወቃል፤ ላሳያችሁ እችላለሁ» አለች። ቀጥላ ወደ አቶ አረጋዊ ዞረች።

ሽማግሌው ተቀበሏት። «ጓዶች፣ የማይታወቅ ድምፅም ቢኖር ቤት በማፍረስ አይጠፋም። ማን ነህ ተብሎ የሚጠየቅበት ቀን እስኪመጣ ድረስ በቦታው ይቆይ። ጥያቄ ቦታ ይፈልጋል። ልጆቻችን ነገ ይህ ቤት ምን ነበር ብለው ሲጠይቁን፣ ጣታችንን የምንቀስርበት ይኑረን። ባቡሩ ያመጣውንም፣ ግንበኛው የጠረበውንም፣ ሌላውንም።»

«ሌላውንም» ሲሉ ድምፃቸው አልተለወጠም። ጓድ ኩማ ግን እርሳሱን አስቀምጦ ለረጅም ጊዜ አያቸው። ያ ጊዜ ሰው በአንድ ቃል የሚጠፋበት ጊዜ ነበርና ወይዘሮ ፀሐይቱ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች። በመጨረሻ ሊቀመንበሩ «እህል ማዳን አብዮታዊ ተግባር ነው» አለ። «ይጠገን የምትሉ?» እጆች ተነሡ፤ ከሁሉ በፊት የተነሡት የሴቶች እጆች ነበሩ።

ክረምቱ ሲወጣ መጋዘኑ ተጠግኖ ተከፈተ። የተገኘውን ጥቅም የሰፈሩ ሰው ዛሬም ይናገራል። በዚያ ዓመት የሻገተ ስንዴ አልታደለም። ቆጥ የሚያህል ክፍል ውስጥ ተጨናንቀው ፊደል ይቆጥሩ የነበሩ እናቶች ሰፊ ቦታ አገኙ። የስህን ተማሪዎች የአባቶቻቸውን የድንጋይ ሥራ በእጃቸው ነክተው ተማሩ፤ ከእነርሱም አንዳንዶቹ በሌላ ሰፈር ሊፈርሱ የነበሩ የቆዩ ቤቶችን ለማዳን በቁ። አሮጌን ነገር ሁሉ ማፍረስ መሠልጠን የሚመስለው ሰው ይህን ልብ ይበል፤ ቤትን በአግባቡ የሚጠብቅ ሕዝብ ገንዘቡንም፣ ሙያውንም፣ ትዝታውንም በአንድ ጣራ ሥር ያኖራል።

በተከፈተበት ቀን ጓድ ኩማ ንግግሩን ጨርሶ በሩን ሲያስከፍት፣ ሕዝቡ የቆየ ፍርሃቱ አልለቀቀውምና ደጃፉ ላይ ቆመ። ማንም ቀድሞ አልገባም። ያን ጊዜ ወይዘሮ ፀሐይቱ ከሰዉ መካከል ወጣች። ከበሩ ስትደርስ ጎንበስ ብላ፣ ቤተ መቅደስ እንደሚገባ ሰው፣ ጫማዋን አወለቀች። በባዶ እግሯ ሳንቃውን ረግጣ ወደ ግራው ጥግ ሄደች።

ጥቂት ቆይቶ የወርቄ እናት ጫማዋን አወለቀችና ተከተለቻት። ከእሷ በኋላ ሌላ ሴት፤ ከዚያም ሌላ፤ ከዚያም አንድ ሽማግሌ አባት። ስህን በአፏ እጇን ጭና፣ ያልተነገራትን ሁሉ ያን ጊዜ ተረዳች። ጓድ ኩማም ደጃፉ ላይ የተደረደረውን ጫማ ብዛት እያየ ለብዙ ጊዜ ቆመ፤ በኋላም ባርኔጣውን ከራሱ ላይ አወለቀ።